ካፖርቱን ለብሶ ቆላ የወረደው በግ

ልጄ አዲ አርቃይ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ለክርስትናው ባለቤቴ ከደባርቅ ገበያ አንድ አውራ በግ ገዛ፤ ጸጉሩ ዓይኑን የሸፈነ፣ እጅ ቢሰዱበት እስከ አንጓ የሚውጥ። «ቆለኞቹ በግ ምን እንደሆነ ይዩ!» እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየው።

በማለዳ የጭነት መኪና ተሳፈርን። እኛ ጋቢና፣ በጉ ከኋላ ድንች ጆንያ ላይ። እኔ ጋቢ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ፤ እሱ ጀርባው ላይ ውርጭ ተጋግሮ እንኳ ምንም ሳይመስለው ያመነዥካል። ሊማሊሞን ወርደን ድብ ባሕር ስንደርስ ጋቢዬን ጣልሁ። ዛሪማ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ። ያኔ ባለቤቴ በኋላ መስኮት ዞር ብሎ አየና ጮኸ፦

«አቁም ወንድሜ! በጉ ሊሞትብን ነው!»

ወርደን አየነው። አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል፤ ጎኑ እንደ ወናፍ ይነፋል። ጆሮውን ብነካው ይፋጃል።

«በግ እንደ እኛ ላብ አይወርደውም» አለ ሾፌሩ። «ሙቀቱን የሚያስወጣው በትንፋሹ ነው። ይሄን ሁሉ ጸጉር ለብሶ ግን ምኑን ከምን ያደርገዋል?»

ባለቤቴ ሮጦ ውሃ አምጥቶ አፈሰሰበት። ውሃው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደ ፈሰሰ ተንከባሎ መሬት ወረደ እንጂ ቆዳው ጋ አልደረሰም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መቀስ ከቦርሳዬ አይለይም።

«ያዙልኝ» አልሁ።

«ምን ልታደርጊ?»

«ካፖርቱን ላወልቅለት።»

ሾላ ጥላ ሥር አጋድመን መሸለት ጀመርሁ። መንገደኛው ተሰበሰበ። «እመቤት፣ ወገቡ ላይ ጠበብ አርጊለት!» ሲሉኝ መቀሱ እስኪያመልጠኝ ሳቅሁ። ሆዱ እንደ ተራቆተ ትንፋሹ ረጋ እያለ መጣ። ውሃ አቀረብንለት፤ ጠጣ፣ ተነሣ፣ ራሱን አራገፈና ሾፌሩን በቀንዱ ገፋው። ሁላችንም አጨበጨብን። ባለቤቴ ብቻ የቀረችውን ቀጭን ገላ እያየ «ወይኔ፣ በጌ የት ሄደ?» አለ።

አዲ አርቃይ የልጄ አማት ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ሽማግሌው ፍየል አርቢ ናቸው።

«ምነው እቴ፣ ይሄ በግ ነው ፍየል?»

«በግ ነው አያ፤ ልብሱ እዚህ ጆንያ ውስጥ አለ።»

ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ታሪኩን ሲሰሙ ግን አሻፈረኝ አሉ። «ከዚህ ሁሉ መከራ ተርፎ መጥቶ እኔ አላርደውም። ፍየል አለልኝ፤ እሱን መልሳችሁ ውሰዱት።»

«ተላጭቶ ደባርቅ?» አለ ባለቤቴ ደንግጦ። «ብርድ ይገድለዋል!»

ጸጉሩ እስኪበቅል እዚያው እንዲቆይ ተስማማን። በነጋታው ጠዋት ሕፃኑን ታቅፌ፣ በልማዴ በወፍራም ብርድ ልብስ ስጠቀልለው ልጄ ከአልጋዋ ጮኸች፦

«እማዬ! እሱንም እንደ በጉ ልታስለከልኪው ነው?»

ፈታሁት። እግሮቹን አየር ላይ አወራጨና እጄ ላይ ሸናብኝ።

ክርስትናው ሸጋ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባለቤቴና አያ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው እስክስታ ወረዱ፤ ላባቸው በፊታቸው ይንቆረቆራል። ልጄ ልጇን ደረቷ ላይ አስደግፋ ታጨበጭብላቸው ነበር። እኔም ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ገባሁ።