ያልተሞላው አሥራ ሰባተኛ ጥያቄ

ማክሰኞ የካቲት 5 ቀን 2011 ዓ.ም. ሐሙሲት ከተማ ላይ የተሞላው መጠይቅ ቁጥር 43 እጄ ሲገባ፣ 17ኛው ጥያቄ ባዶ ነበር። «በአዲሱ የቦኖ ውሃ ምን ያህል ረክተዋል?» ይላል። መጠይቁን ያመጣችው አሪፋ ሰላህ ናት።

አሪፋ በባሕር ዳሩ ቢሯችን ስድስት ዓመት የሕዝብ አስተያየት ሰብስባለች። እኔ ከሐይቁ ዳር ባለችው መዝገብ ቤት መጠይቆቹን አርሜ አስቀምጣለሁ። የደከመው ጠያቂ መልስ ሲያጣ «መካከለኛ» የሚለውን ያከብባል፤ ማንንም አያስቆጣም። በአሪፋ ወረቀት ላይ ግን ከሰው አፍ ያልወጣ «መካከለኛ» አላገኘሁም። አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ «ሳይዳሰስ ዋጋ አይጠየቅም» እያሉ አሳደጓት።

«ይኸ ለምን ባዶ ሆነ?» አልኋት።

«እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው። ውሃው የተለቀቀው ትናንት ነው። ‹ሳልቀምስ አልመሰክርም፣ ሐሙስ ነይ› አሉኝ።»

«ሥራው ዓርብ ይዘጋል። ባዶ ካለበት ሌላው አርባ መልሳቸውም ይወድቃል።»

«የሰባ ዓመት ሴትዮ ፀሐይ ላይ ቆመው የመለሱት?» አለች። «ወይ ጋሽ ባምላክ! እርስዎ እኮ ገነት በር ላይም ‹ፊርማ ጎድሏል› ብለው ሰው ይመልሳሉ።»

ስቄ መጠይቁን መለስሁላት።

ሐሙስ በሚኒባስ ሄደች። ዓርብ ጠዋት ሞልታ አስረከበችኝ። እሑድ ድንገት ታመመች፤ ሰኞን አላየችም። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ቁጥር 43 የመጨረሻ ሥራዋ ሆኖ ቀረ።

አሁን መጠይቁ ፊቴ ነው። «መካከለኛ» ተከብቧል። ከኅዳጉ ላይ የሴትዮዋን ቃል በእርሳስ ጽፋዋለች፦ «ቀመስሁት፣ ሸጋ ነው። ጀሪካኑን እስከ ቤት መሸከሙ ግን ጉልበቴን ቆረጠው። መካከል ላይ አድርጊው።»

ያን ዓርብ ያየሁት ግን ሰዓቱን ነበር። ጥያቄው ያበቃው 4፡20፣ የተፈረመው 4፡35።

«አሥራ አምስት ደቂቃ የት ገባ?» አልኋት።

ቦርሳዋን እያነገተች ነበር።

«ጀሪካናቸውን ቤት አድርሼ» አለችኝ።