ከማርሚታው የነቀልኳት ክዳን

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህችን አንዲቱን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። እናንተ ስለማታውቁኝ ይሆናል የደፈርኩት።

እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። "እሱ የማያውቀው የለም" ይሉኝ ነበር፤ እኔም አመንኩ። አንድ ቀን ደሳለኝ የሚባል የሰፈራችን ወጣት ከባሕር ዳር የገዛትን ስፖርት ሞተር ይዞ መጣ። እንደሷ ያለች በእስቴ መንገድ አይቼ አላውቅም። በማርሚታዋ፣ በጭስ ማውጫዋ ማለቴ ነው፣ በሽቦ እየተሳበች የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ የብረት ክዳን አለች። በዝግታ ሲነዷት ገርበብ ትልና ድምፁን ታፍናለች፤ ፍጥነት ሲጨመር ትከፈታለች። ይህን ዛሬ ነው የማውቀው። ያን ጊዜ ያየሁት አቧራ ነክሷት ስትንኳኳ ብቻ ነው።

ደሳለኝ የለመነኝ አንድ ነገር ነበር። "ጋሼ፣ በቤተ ክርስቲያን በር ነው የማልፈው፤ እንደ ድሮዋ ዝም እንድትል ያድርጉልኝ።"

አላውቃትም ብል ምን ነበረበት? ሞት መሰለኝ። ክዳኗን ነቅዬ ከሚስማር ቆርቆሮዬ ውስጥ ጨመርኳት፤ ሽቦዋንም ጠቅልዬ ሸሸግኩት። ከዚያ ስሞክራት፣ የቤንዚን መስጫ እጀታዋን ለቀቅ ባደረግኩ ቁጥር እንደ ጠብመንጃ ትተኩሳለች። ሰማሁ። በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ደሳለኝን ግን "ክዳኗን አጥቤ መልሻታለሁ፤ የቀባኋት ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ትንሽ ብታጉረመርም ነው" አልኩት።

ከእኔ ዘንድ ወጥቶ ሩቅ አልሄደም። ከገበያው ማዶ ቁልቁለቱ ላይ የኔታ በበቅሏቸው ይመጡ ነበር። የማኅሌት መምህር ናቸው፤ እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ደሳለኝ ሲያያቸው ለክብራቸው ብሎ ቀስ ሊል እጀታዋን ለቀቀ። ተኮሰች። በቅሎዋ ደንብራ ጣለቻቸው፤ ጭናቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ የኔታ መቋሚያና ጽናጽል ይዘው ቆመው አላዜሙም።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ደሳለኝ "ለቀቅኳት እንጂ ቤንዚን አልሰጠኋትም" እያለ ቢምል ማን ይመነው? ሊታይ ሲል ያስጮሃት ነው ተባለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ባለሙያው፣ ቤንዚን ሳይሰጧት ትተኩሳለች ወይ?"

"ሳይሰጧት አትተኩስም" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። ስሜን ፈርቼ የአንድ ሰው ልጅ ስም አጠፋሁ።

ደሳለኝ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከየኔታ ደጅ ወደቀ። እኔስ የት ነበርኩ? ከአማላጆቹ ጋር፣ ነጠላዬን አደግድጌ፣ ከጎኑ ቆሜ ነበር። የኔታ ከአልጋቸው ሆነው "እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ። አውርዱለት" አሉ። ያን ድንጋይ ከጫንቃው ያወረድኩት እኔ ነኝ። ድንጋዩ የእኔ ነበር፤ ይቅርታውን የወሰደው ግን ያልበደለው ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ስንት ዓመት አደርኩ፣ አልጠራም። አፌን ይዤው ከየት ይጠራል?

የኔታ ካረፉ ቆዩ። እሳቸውን ይቅር በሉኝ የምልበት ጊዜ አለፈ። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ጎልማሳ ነበርኩ። አላወቅኩም አልልም፤ ሰምቻለሁ። ደሳለኝ ግን በሕይወት አለ። ሞተሯን ሸጦ ባሕር ዳር ገብቷል፤ ለፋሲካ ሲመጣ ሳይጠይቀኝ አይመለስም። የሚስማር ቆርቆሮው ካለበት አጠገብ፣ በርጩማው ላይ ይቀመጣል። ክዳኗ አሁንም እዚያው ውስጥ ናት።

"ያኔ ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ እርስዎ ከጎኔ ቆሙ፤ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" ይለኛል።

"አሜን" እላለሁ።