የገዛ እጅ ጽሑፌ ጉድ ሠራኝ

ዛሬ ቦዲቲ፣ ቀብር ላይ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆሜ የገዛ እጅ ጽሑፌን ማንበብ አቃተኝ።

ሟቹ የሥራ ባልደረባዬ አባት ናቸው። መብራት ስለጠፋ የሕይወት ታሪካቸውን ማሳተም አልተቻለም፤ ቤተሰቡ እየነገረኝ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። ስልክ መጎርጎር የለመደ ጣቴ ምን እንደጻፈ እሱ ይወቀው!

የልጆቻቸውን ስም ሳነብ አንዱ ዶሮ የጫረው መሰለኝ። ጨንቆኝ ዘለልኩት።

ከቀብር ስንመለስ ሟቹ ከሕፃንነቷ ያሳደጓት ልጅ እያለቀሰች መጣች። "ጋሼ፣ እኔን የዘለሉኝ እሳቸው ስላልወለዱኝ ነው?"

"ኧረ በጌታ! ስምሽ እዚህ አለ" ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁላት። አገላብጣ አየችው። እሷም ስሟን አጣችው።

እናንተስ፣ እጃችሁ እንዲህ ከድቷችሁ ያውቃል? ምን ብላችሁ አሳመናችሁ? እባካችሁ ንገሩኝ፤ ልጅቷ እስካሁን አላመነችኝም።