የመምህር ፈንታሁን ስድስት ፍየሎች

መምህር ፈንታሁን ውሸት አይወድም። ከደብረ ታቦር ተመድቦ ሰቆጣ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ለሚስቱ ለፅዮን አንድም ቀን ዋሽቷት አያውቅም። ደውላ «የዚህ ወር ደመወዝ የት ገባ?» ስትለው «ፍየል ገዛሁበት» ይላታል። እውነቱን ነው፤ ገዝቷል። ከገዛ በኋላ ምን እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም፤ እሱም ያልተጠየቀውን የሚመልስ ሰው አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ እማዋይሽ ከአበርገሌ ፍየል እያስመጡ የሚነግዱ፣ ጾም የማይገድፉ ሴት ናቸው። ደመወዝ ሳይደርስ ኪሱ የደረቀ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ደጃቸውን ያውቀዋል። አራጣ ግን አያበድሩም። ኧረ ቃሉ ሲነሳ እንኳ ያማትባሉ! የንስሐ አባታቸው መምሬ ወልደ ሐዋርያት አጥብቀው ገዝተዋቸዋል። ስለዚህ ፍየል ይሸጣሉ። ግቢያቸው ጥግ የታሰረችውን ዳማ ፍየል፣ ደመወዝ ሲወጣ በሚከፈል ሰባት ሺህ ብር ለተቸገረው ሰው ይሸጡለታል። ገዢው ገመዷን ይይዛል፤ እሳቸው «ይባርክልህ» ይሉታል። ከዚያ ሁለቱም ከቆሙበት ሳይነቃነቁ እሳቸው ራሳቸው በስድስት ሺህ ጥሬ ብር መልሰው ይገዟታል። ፍየሏ ለምዳዋለች፤ ቀና ብላም አታይ። መምህራኑ «ደመወዝ» ብለው ስም አውጥተውላታል።

ፈንታሁን መጀመሪያ የገዛት አከራዩ የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ አምጣ ብለው ሲያጣድፉት ነው። ለአንድ ወር ብቻ ነበር ሐሳቡ። ደመወዙ ግን ከዘጠኝ ሺህ እምብዛም አይዘልም፤ ሰባቱን ሺህ ለእማዋይሽ ሲከፍል የተረፈችው ወር ልታደርሰው ነው? በሳምንቷ ተመልሶ ያችኑ ፍየል ገዛት። በሚቀጥለውም ወር እንደዚያው። የፍየል ጌታ ሆኖ የሚቆየው እማዋይሽ ብሩን ቆጥረው እስኪጨርሱ ነው፤ ለዚያች ክብር በየወሩ አንድ ሺህ ብር ይከፍላል።

መልሰው የሚባል ባልደረባው ደጋግሞ መክሮታል። «የመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበር ግባ። ስድስት ወር ትንሽ ትንሽ ትቆጥባለህ፣ ከዚያ ትበደራለህ። ለስድስት ሺህ የሚታሰብብህ ወለድ በወር መቶ ብር አይሞላም!»

«ስድስት ወር ማን ይጠብቃል?» ይላል ፈንታሁን። እንዲህ እያለ፣ ፍየሏንም እየገዛ፣ ስድስቱ ወር አለቀ።

ደብረ ታቦር ላይ ፅዮን በሰው የስፌት መኪና ልብስ ትሰፋለች። ባሏ ፍየል ገዛሁ ባለ ቁጥር ደስ እያላት አንድ ጣቷን ታጥፋለች፤ የራሷን መኪና የምትገዛው በእነዚያ ፍየሎች ነዋ! ስድስተኛዋ በተገዛች ሰሞን ደውላ «ወለዱስ?» አለችው። ፈንታሁን ክው አለ፤ ወለዱ ስንት ደረሰ ያለችው መስሎታል። ስለ ግልገል መሆኑ ሲገባው ነፍሱ መለስ አለችና «ገና ናቸው» አላት።

«እንግዲያው በደመወዝህ ሰሞን እመጣለሁ። አራቱን ሸጠን መኪናዬን እንገዛለን፣ ሁለቱ ለዘር ይቀመጣሉ።»

ፈንታሁን ጭንቅ ውስጥ ገባ። እንዳትመጪ አይላት ነገር፣ ናፍቃዋለች። እውነቱን ልናገር እንዳይል፣ አፉ አልታዘዘውም።

ደመወዝ የወጣ ዕለት ሰባቱን ሺህ ለእማዋይሽ ከፈለ። ለእንግዳዋ መስተንግዶ ደግሞ ፍየሏን ለሰባተኛ ጊዜ ሊገዛት ገመዷን ጨበጠ። እማዋይሽ ስድስቱን ሺህ መቁጠር እንደጀመሩ መምሬ ወልደ ሐዋርያት ጠበል ሊረጩ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ብሩ ነጠላ ሥር ተወሸቀ። መምሬ ገና ሳይቀመጡ ደግሞ ፅዮን ዘንቢሏን አንጠልጥላ ደረሰች፤ ከአውቶቡስ ወርዳ ብትጠይቅ ባልደረባው መልሰው «እማዋይሽ ግቢ ፍየል ሊገዛ ሄዷል» ብሎ ጠቁሟት ነው።

«ሰባተኛዋ ናት?» አለች ፊቷ በርቶ፣ የፍየሏን ጀርባ እያሻሸች። «ስታምር! ስድስቱስ የት ናቸው?»

ፈንታሁን ፍየሏን አየ። ፍየሏ ገለባዋን ታመነዥካለች።

«እሷው ናት» አለ።

«ማን?»

«ስድስቱም… እሷው ናት።»

ከዚያ በኋላማ ምን ይደብቃል? እየገዛ ሲሸጥ፣ እየሸጠ ሲገዛ መክረሙን አንድ በአንድ ዘረገፈው። እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም። ያ የበራው የፅዮን ፊት ጭልም ሲል ማየት ከስድብ ሁሉ የከፋ ነበር።

መምሬ ወደ እማዋይሽ ዞሩ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ንግድ ነው አባቴ! ፍየል ሸጥሁ፣ ፍየል ገዛሁ።»

«እሜቴ» አለች ፅዮን በትሕትና፣ «በጥሬ ብር ስንት ታወጣለች?»

«ስድስት ሺህ። ሁልጊዜም በዚያው ነው የምገዛት!» አሉ እማዋይሽ፣ ንጽሕናቸውን ለማስረዳት ተጣድፈው።

«ባሌ በየወሩ አንድ አንድ ሺህ ትርፍ ሲከፍልዎ ስድስት ወሩ። ስንት ሆነ?»

መምሬ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። «ልጄ፣ ወይ ፍየል ሸጠሻል፣ ወይ አራጣ አበድረሻል። ንስሐውን ለየትኛው ልስጥሽ?»

እማዋይሽ መስቀሉን አዩ፤ ፍየሏን አዩ፤ ደግመው መስቀሉን አዩ።

«ሸጫለሁ» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ሒሳቧ አልቋል። ውሰጃት።»

መውሰዱ ግን የዋዛ አልነበረም። ፍየሏ ደመወዝ ለፈንታሁን ብቻ ስድስት ጊዜ ተሸጣ ከዚያ በር ወጥታ ስለማታውቅ አራት እግሯን ተክላ ቆመች። ፅዮን ብታባብላት፣ ፈንታሁን ቢቆጣት፣ ፍየሏ ከአገሬው ቋንቋ ከኽምጥኛ በቀር አትሰማም። እየጎተቱ መንገድ ሲያወጧት አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ አየቻቸውና ጮኸች፤ «መምህር፣ ደመወዝ ወጣች እንዴ?» መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ፅዮን አልሳቀችም።

አመሻሹ ላይ ፍየሏ ጠፋች። ሲሄዱ እማዋይሽ ግቢ የለመደችው ጥግ ተኝታ አገኟት።

«አየሽ፣ ቤቷን አትረሳም» አሉ እማዋይሽ።

«አልፈርድባትም። ስድስት ጊዜ ስትሸጥ የነገራት የለም» አለች ፅዮን።

እማዋይሽ ሳይወዱ ፍርፍር ብለው ሳቁ። ፍየሏን በኽምጥኛ አንድ ነገር ሲሏት ብድግ ብላ እነፅዮንን ተከተለች።

ፅዮን ገመዱን ይዛ ቀደመች። ፈንታሁን ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ሰኞ ከመልሰው ጋር ማኅበሩ ቢሮ እንደሚሄድ ነገራት። እሷ ፍየሏን እየሳበች መንገዷን ቀጠለች።

«አልዋሸሁሽም እኮ» አላት በመጨረሻ። «ገዛሁ ያልሁሽ እውነት ነው።»

ቆም ብላ ዞረች። «እውነት ነው። ከእንግዲህ ግን ገዛሁ ስትለኝ የሸጥኸውንም ጨምረህ ንገረኝ።»

ፈንታሁን የፍየሏን ጀርባ ዳበሰ።

«በየወሩ የስፌት መኪናሽን ነበር የምሸጠው» አላት።

ፅዮን ገመዱን አቀበለችው።