የማይለካ በረዶ

ዛሬ ጠዋት በረዶው ሲቀልጥ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ውሃ ድምፅ ስሰማ፣ ማውንትሌክ ቴራስ በምትባለው ከተማ የነበረው የልጅነት ግቢያችን ድቅን አለብኝ።

አባዬ ለራሱ ደስታ የአየር ሁኔታ ይመዘግብ ነበር። ጠዋት ጠዋት የበረዶውን ጥልቀት ሊለካ ማስመሪያውን ይዞ ሲወጣ እከተለው ነበር። ብዙ በረዶ በጣለበት አንድ ሳምንት እማዬ ሻንጣዋን ይዛ ከቤት ወጣች። ረስታው የሄደችውን ቀይ ሻርፕ፣ ከበረዶ የሠራሁት ሰውዬ አንገት ላይ ጠመጠምኩት። ሌላው በረዶ ቀልጦ ሣሩ ሲወጣ እሱ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

«አባዬ፣ ይሄንንም ለካው!»

«በረዶው የሸፈነው ከግቢው ግማሽ በታች ከሆነ ርዝራዥ ነው የሚባለው። ርዝራዥ አይለካም» አለና በቦቲው መታው። የበረዶው ሰውዬ ጭንቅላት ጭቃው ላይ ፈረጠ። «የሚሄድ ነገር ቶሎ ቢሄድ ነው የሚሻለው።»

ዓይኑ ሻርፑ ላይ ነበር። እኔ ግን ስለ በረዶው የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

አባዬ አሁን ሬኒየር ቢች ሰፈር እኔ ቤት ነው የሚኖረው። ከአልጋው አይነሳም፤ ዓይኑም አያይም። የሚነቃቃው በረዶ ሲጥል ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ስንት ኢንች ቀረ? ለካሽው?»

መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ።

«ርዝራዥ ነው አባዬ። አይለካም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ግቢው ገና ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነበር።