«ይብረድለት» ያልኩ ቀን

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ አዋሽ፣ የጎረቤቴ ልጅ ሐያት የሐሞት ከረጢቷ ተቆጥቶ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ «በሁለት ቀን ውስጥ ይውጣላት» ብሎ ኖሮ ባሏ ደወለልኝ። «እትዬ ዘይነብ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ መጀመሪያ ትንሽ ይብረድላት ብንልስ?» ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር፤ ትቼው ተቀመጥኩ።

በሃያ ሦስት ዓመቴ ሰመራ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረኝ። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ በጅቡቲ መንገድ ተሳቢ ይነዳ ነበር። ሐምሌ ነው፤ ወሎ ያሉ ዘመዶቻችን ጋቢ ለብሰው ሲንቀጠቀጡ የሰመራ አስፋልት በሙቀት ቀልጦ ጫማ ይይዛል። ሰይድ መጣና ስብ የበዛበት የፍየል ጥብስ አዘዘኝ። ጮማ ካየ ምክር አይሰማም፤ እኔም መምከር ትቼ ነበር። ከበላ በኋላ ቀኝ ጎኑን ይዞ ታጠፈ። «ጨጓራ ነው» አልኩ፤ በኛ መንገድ ከአንገት በታች የሚያም ሁሉ ጨጓራ ነው። ተልባ አጠጣሁት። በማግስቱ ትኩሳት ሲጨመርበት በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ዶክተሯ ልጅ እግር ነበረች። «የሐሞት ከረጢቱ በጠጠር ተዘግቶ ተቆጥቷል። ነገ ኦፕራሲዮን ይሁን። ቀኑ በረዘመ ቁጥር ይጣበቅና ሥራው ይከብዳል» አለችን።

ሰይድ ቢላ ይፈራል። ወደኔ ዞሮ «አንቺ ያልሽው ይሁን» አለ።

እናታችን ብጉንጅ ሳይበስል አታስነካም ነበር። እሱን ይዤ፣ «ብጉንጅ እንኳ ሳይበስል አይነካም፤ መጀመሪያ ይብረድለት» አልኩ።

«ይሄ እኮ ብጉንጅ አይደለም፣ እህቴ።»

እኔው የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ልጅነቷን ናቅሁት። ሰይድ አሁን አልቀደድም ብሎ ፈረመ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ እንድንመለስ ተቀጠርን። በሰጡት መርፌ ሕመሙ በሦስት ቀን ተወው። «አልሐምዱሊላህ፣ አየሽ?» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ኮራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ከጅቡቲ ሲመለስ ዲቾቶ የምትባል የመንገድ ከተማ ላይ ሕመሙ ተነሳበት። እንደ በፊቱ ይተወኛል ብሎ የመኪናው ጋቢና ውስጥ ተኝቶ ቀኑን ሙሉ ጠበቀ። ሾፌር ጓደኞቹ ሰመራ ሲያደርሱት ከረጢቱ ፈንድቶ መግሉ ሆዱ ውስጥ ፈሶ ነበር። ያችው ዶክተር አንድም ቃል ሳትወቅሰኝ ይዛው ገባች። በአልጋ ሲገፉት እጄን ያዘና «ዘይኔ፣ አሁንስ በሰለ?» አለኝ፤ ሊያስቀኝ ብሎ ነው። በአራተኛው ቀን ሞተ።

የሐያትን ባል «ይውጣላት፣ ዛሬውኑ ለኦፕራሲዮኑ ፈርም!» ብዬ ጮህኩበት። ልጅቷ ትናንት በእግሯ ሄዳ ቤቷ ገባች። ሾርባ ይዤ ሄጄ ጠየቅኳት፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ተመልሼ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ።

ዘመድ ሁሉ ስለ ሰይድ «አጀሉ፣ የሞት ቀኑ ደርሶ ነው» ይለኛል። አሜን እላለሁ፤ ከአላህ ሥራ ጋር አልከራከርም። ግን የመዳኛው ቀንም ደርሶለት ነበር፤ የመለስኩት እኔ ነኝ።