በሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ ያሳመርኩት እግር

ይህ የሆነው ሚሊኒየሙን ባከበርን በሁለተኛው ዓመት፣ በጥር ወር ነው። ያንን ቀን የማልረሳው ወገቤ ጉድ ሊሠራኝ ሲል አንድ ሰው ስላዳኑኝ ነው። ያዳኑኝ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው ነው።

ከቤሩት ወደ መካነ ሰላም ስመለስ ይዤው የመጣሁት ሙያ የእግር ጥፍር መሥራት ነበር። ተቀጥሬ በምሠራበት በማዳሜ ቤት በየሳምንቱ የምትመጣ ጥፍር ሠሪ ነበረች። ማዳሜ ረጅም ወንበር ላይ ጋደም ትላለች፤ ልጅቷ ዝቅ ያለች ባለ ጎማ ወንበር ላይ ተቀምጣ የማዳሜን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ትሠራለች። እኔ ሻይ ሳመላልስ በዓይኔ ተማርኩ። በመጨረሻው ዓመት ማዳሜ ልጅቷን አስቀርታ እኔን ታሠራ ጀመር።

አገሬ ገብቼ ዕቃዬን በቦርሳ ይዤ፣ ሳፋዬን በብብቴ አድርጌ ቤት ለቤት መዞር ጀመርኩ። ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶችና ሙሽሮች ደንበኞቼ ሆኑ። ችግሩ የእኛ ሰው እግሩን የሰው ጭን ላይ አያደርግም። ነውር ነው ብለው እግራቸውን ይሰበስባሉ። ፎጣ ባነጥፍ፣ ብለምን፣ ብቆጣ፣ ወይ ፍንክች። ስለዚህ እነሱ ዱካ ላይ ቁጭ ይላሉ፣ እግራቸው መሬት ላይ ይሆናል፣ እኔ ቁጢጥ ብዬ አንገቴን ጉልበቶቼ መሃል ቀብሬ እሠራለሁ። አንድ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በዓመቱ ወገቤ የአሮጊት ወገብ ሆነ።

በዚያ ጥር ወደ ዓረብ አገር ልመለስ ቆርጬ ነበር። ደሴ ካለ ደላላ ጋር ተነጋግረን፣ ሰኞ ፓስፖርቴን ላደርስለት ነበር። መመለሱን አልፈለግሁትም፤ አራት ዓመት የሰው ቤት አንገሽግሾኛል። ግን እዚያ ሥራው ቢያንስ በቁም ነው። በዚህ ወገብ ቁጢጥ ማለቱን መቀጠል አልቻልኩም።

ቅዳሜ የጋሽ ሰይድ ልጅ ዘይነባ የምትዳርበት ቀን ነበርና ተጠራሁ። ጋሽ ሰይድ ሸማኔ ናቸው። ከቤታቸው ጎን የሚሸምኑባት ትንሽ የቆርቆሮ ጥላ አለቻቸው። በጠዋት ደርሼ የሙሽራዋን ሁለት የአክስት ልጆች ሠራሁና ወደ ሙሽራዋ ዞርኩ። ዘይነባ የጥፍር ቀለም አትቀባም፤ ቀለሙ የሶላት ትጥበቱን፣ ውዱን፣ ይከለክላል። ስለዚህ እግሯን አጥቤ፣ ተረከዟን ፍቄ፣ ጥፍሯን ሞርጄ በመጨረሻ ሂና አደርግላታለሁ። ሂናው ደግሞ እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል። ሙሽራው ከወግዲ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል ተብሏል።

ቀኝ እግሯን ጨርሼ ወደ ግራው ልዞር ስል ወገቤ ቀጭ አለ። መነሳትም መቀመጥም አቃተኝ፤ እንደጎበጥኩ ቀረሁ። ዘይነባ አንዱ እግሯ አምሮ፣ ሌላው ሳፋ ውስጥ እንደተነከረ በድንጋጤ ታየኛለች። ሙሽራ በአንድ እግር ትቼ ብወጣ ወሬው ሳይመሽ ከተማውን ያዳርሳል። ከዚያ በኋላ ማንም ደፍሮ አይጠራኝም፤ ሐሳቤን ልቀይር ብል እንኳ ደሴ መሄዴ የማይቀር ይሆናል።

ሴቶቹ ተሰበሰቡ። አንዷ ቅቤ ልሽሽ አለችኝ። ሌላዋ ጀርባዬን ልትረግጥልኝ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ይቺኛዋ ከበሽታው በላይ አስፈራችኝ።

ጋሽ ሰይድ ጫጫታውን ሰምተው ገቡ። ነገሩ ሲነገራቸው ወገቤን ሳይሆን ዱካውንና ሳፋውን አዩ።

«እንዲህ ተጣጥፈሽ ነው እንዴ የምትሠሪ ልጄ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እኔ ሠላሳ ዓመት ስሸምን አልሃምዱሊላህ ወገቤን አሞኝ አያውቅም። ነይ፣ እኔ ቦታ ግቢ።»

ቦታቸው በዚያች የቆርቆሮ ጥላ ሥር ያለ ጉድጓድ ነው። ሸማኔ አፋፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ጉድጓዱ አውርዶ መርገጫውን ይረግጣል፤ ሥራው ከፊቱ፣ እጁ ሳይዘረጋ የሚደርስበት ላይ ይሆናል። ለሠርጉ ሲባል ክሩ ተነስቶ ጉድጓዱ በሳንቃ ተከድኖ ነበር።

እውነቱን ልናገርና አመነታሁ። እኛ ስናድግ «ሸማኔ» ማለት ስድብ ነበር። የሠሩትን እንለብሳለን፣ ሰዎቹን ግን ዝቅ አድርገን እናያለን። ቤት ሙሉ የሠርግ ሰው እያየኝ እዚያ ጉድጓድ መግባቱ ከሕመሙ ይልቅ ከበደኝ። ጋሽ ሰይድ ገባቸው። አልተቆጡም።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከዚህ ጉድጓድ የሚወጣው ነጭ ልብስ ነው።»

የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው ሳንቃውን አነሱ። ሁለት ሴቶች ደግፈው አፋፉ ላይ አስቀመጡኝ። እግሬ ወደ ታች ሲወርድ ወገቤ ቀስ በቀስ ሲፈታ ተሰማኝ። ጋሽ ሰይድ ያንኑ ሳንቃ ከፊቴ በሁለት ድንጋይ ላይ አጋደሙልኝ። ዘይነባ ማዶ ዱካ ላይ ተቀምጣ እግሯን ሳንቃው ላይ ዘረጋች። ጭን የለ፣ ነውር የለ። እግሯ ልክ እጄ ሥር ሆነ፤ ቀና ብዬ፣ እየሳቅሁ ሠራሁ።

ሂናው ሊይዝ ትንሽ ሲቀረው የሙሽራው ወገኖች ከተባለው ሰዓት ቀድመው ደረሱ። መጀመሪያ ያዩት ግማሽ አካሏ ከመሬት የወጣ ሴት የሙሽራዋን እግር ይዛ ነው። አንዱ ሚዜ ይቺ ደግሞ ከየት በቀለች ብሎ ሲጠይቅ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሙሽራዋ በሁለቱም እግሮቿ አምራ ሄደች። በግርግሩ እኔን ማውጣት ሁሉም ረሳ። በኋላ ጋሽ ሰይድ ሊያወጡኝ መጡ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ልጅ መዳር ደስታም ሐዘንም ነው። እስኪ ይቀመጡና እግርዎን ይስጡኝ አልኳቸው። ነውር ነው ብለው ተከራከሩኝ። የራስዎ ሳንቃ ላይ ነው ስላቸው ሳቁና ተቀመጡ።

ውስጥ እግራቸው መርገጫውን ከመርገጥ ብዛት ጠንክሯል። በጣቶቻቸው መካከል ብናኝ ጥጥ ነበር። በሞቀ ውሃ አጥቤ ጥፍራቸውን አንድ በአንድ ሠራሁላቸው።

«ይህን እግር እስከ ዛሬ ሰው አይቶት አያውቅም» አሉኝ።

ሰኞ ደሴ አልሄድኩም። አናጢ ዘንድ ሄጄ የራሴን ሳንቃ አሠራሁ። አሁን የምሄድበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የማየው እኔ እግሬን አውርጄ የምቀመጥበትን ቦታ ነው፤ ደረጃም ይሁን የበረንዳ ጫፍ። ከዚያ ሳንቃዬን አጋድማለሁ። ወገቤ ደህና ነው፣ ሥራዬንም እወደዋለሁ። ያመነታሁባት ያቺ ደቂቃ ግን እስካሁን ታሳፍረኛለች፤ ጋሽ ሰይድ አይተዋታልና።